ባለ ዓመቱ አርማኛክ፦ ከመለያ ወረቀቱ እስከ ባዶው ብርጭቆ

አርማኛክ በሚባለው የፈረንሳይ አረቄ ጠርሙስ ላይ «1974» የሚል ቁጥር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መቀነስ ነው። ከዘንድሮው ዓመት ላይ 1974ን ያነሣና «ሃምሳ ዓመት ያለፈው መጠጥ ነው!» ይላል። ስሌቱ ግን ልክ አይደለም። አረቄ ዕድሜ የሚቆጥረው እንጨት ውስጥ ሳለ ነው፤ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ባለበት ይቆማል። በ1974 የተለቀመ ወይን በ1994 ከታሸገ የ20 ዓመት አረቄ ነው፤ በ2014 ከታሸገ የ40 ዓመት። ሁለቱም ጠርሙሶች ፊታቸው ላይ የሚያሳዩት ያንኑ ቁጥር ነው፤ ሲያሸቱአቸውና ሲቀምሱአቸው ግን አባትና ልጅ ናቸው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ያለ ጠርሙስ በስጦታ ለደረሳቸው፣ ወይም ለመግዛት ለሚያስቡና እንዴት እንደሚቀርቡት ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው። አርባ ዓመት ሰው ሲጠብቀው የኖረን መጠጥ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ መጨረስ ያሳዝነኛል። ደግሞም አያያዙን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ አንድ ጥሩ ብርጭቆ፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና አንድ ሰዓት ይበቃል። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የያዙት ምን እንደሆነ ይወቁ

ኮኛክን በስም የማያውቅ የለም። አርማኛክ ግን በዕድሜ ቢበልጠውም በስም ተደብቆ የኖረ ወንድሙ ነው። ሁለቱም ከነጭ ወይን ጠጅ የሚወጡ የፈረንሳይ አረቄዎች ናቸው፤ ኮኛክ ከቦርዶ ከተማ በስተሰሜን፣ አርማኛክ በስተደቡብ፣ ጋስኮኝ በሚባለው የገበሬ አገር ይሠራሉ። በ1310 ቪታል ዱ ፉር የተባለ መነኩሴ የዚህን «የሚያቃጥል ውሃ» 40 ጥቅሞች ቆጥሮ በላቲን ጽፎ አልፏል፤ ያኔ መድኃኒት ነበር።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ወዲያው ይረዳዋል። ተራ አረቄ አንዴ ወጥቶ ያበቃል፤ ያንኑ መልሰው ሲያወጡት ዳግም ይሆናል፤ የበረታ፣ ጥርት ያለ። ኮኛክ ዳግም ነው። ሁለት ጊዜ ይወጣና 70 በመቶ ገደማ የአልኮል መጠን ይዞ በርሜል ይገባል። አርማኛክ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ከመዳብ በተሠራ ቀጥ ያለ ማውጫ ውስጥ ወይኑ ከላይ ሲወርድ፣ እንፋሎቱ ከታች ወይኑን ሰንጥቆ ይወጣና የወይኑን ጠረን ይዞ ይሄዳል። ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ከ52 እስከ 60 በመቶ ነው። ከአልኮሉ ጋር ብዙ ሌላ ነገር አብሮ ስለሚወጣ ገና በልጅነቱ ሻካራና ኃይለኛ ነው፤ ሲያረጅ የሚሰጠው ጠረን ግን በዚያው ልክ የበዛ ይሆናል። ለዚህ ነው አርማኛክ ዕድሜ የሚወድ መጠጥ የሆነው። ድሮ ማውጫው በጋሪ ተጭኖ በክረምት ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት ይዞር ነበር፤ ዛሬም በአንዳንድ ቦታ ይዞራል።

ሌላው ልዩነት ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። ኮኛክ አብዛኛው የብዙ ዓመታት አረቄ ድብልቅ ነው፤ አምራቹ ቤት በየዓመቱ ያው ጣዕም እንዲኖረው ይፈልጋል። በአርማኛክ አገር ግን የአንድን ዓመት ምርት ሳይደባለቅ ብቻውን ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ፈረንሳዮቹ «ሚሌዚም» ይሉታል። ሚሌዚም ተብሎ ለመሸጥ አረቄው ቢያንስ 10 ዓመት እንጨት ውስጥ መቆየት አለበት፤ የሚጻፈውም ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ነው።

በርሜሉ 400 ሊትር ያህል የሚይዝ የኦክ እንጨት ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን «ባሉጥ» የሚባለው ዛፍ። አረቄው መጀመሪያ አዲስ በርሜል ውስጥ ይገባና ከእንጨቱ ቀለምና ታኒን የተባለውን አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር ይጠጣል፤ እንጨቱ እንዳይጫነው ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ወደ አሮጌ በርሜል ይዛወራል። በአሮጌው ውስጥ የሚሠራው አየር ነው። በእንጨቱ ቀዳዳዎች በኩል በየዓመቱ ጥቂት በመቶው ይተንና ይጠፋል፤ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል፤ ያንን ትነት የሚመገብ ፈንገስ የበርሜል ቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ጥላሸት እንደተቀባ ያጠቁረዋል። የአልኮሉም መጠን በዓመት እስከ ግማሽ ዲግሪ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ አረቄ አርባ ዓመት ቆይቶ በራሱ ጊዜ 45 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ያ ቁጥር የዕድሜው ማስረጃ ነው።

የመለያ ወረቀቱን ማንበብ

ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት፣ ከተቻለም ከመግዛትዎ በፊት፣ ወደ ብርሃን ያቅርቡትና እነዚህን ይፈልጉ።

የመጀመሪያው የታሸገበት ቀን ነው። ብዙውን ጊዜ ከኋላ ባለች ትንሽ ወረቀት ላይ፣ አንዳንዴም በእጅ ተጽፎ ይገኛል። በፈረንሳይኛ «ሚዝ ኦን ቡቴይ» ከሚሉት ቃላት አጠገብ ያለው ዓመት እሱ ነው። ከዚያ ላይ የወይኑን ዓመት ይቀንሱ፤ የሚያገኙት ቁጥር እውነተኛው ዕድሜ ነው። ይህ ቀን የሌለበት ባለ ዓመት አርማኛክ አልገዛም። ዕድሜውን በማያውቁት ነገር ላይ ለዕድሜ ዋጋ መክፈል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በጣም ያረጀ አረቄ በእንጨት ውስጥ ያለ ልክ ከቆየ ይመርራል፤ አልኮሉም ከሚፈቀደው 40 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አርባ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የበርሜል ቤቱ ባለሙያ አውጥቶ ዳሚጃን በሚባሉት ትልልቅ የብርጭቆ ጠርሙሶች ውስጥ ያኖረዋል። ዳሚጃን ውስጥ ዕድሜ አይጨምርም። እንግዲህ «1900» ተብሎ በ2005 የታሸገ ጠርሙስ ቢያገኙ መቶ አምስት ዓመት በእንጨት ኖሯል ማለት አይደለም። ይህ ማታለል አይደለም፤ አረቄውን ያዳነው ያ ብርጭቆ ነው። ሲገዙ ግን ማወቅ አለብዎት።

ሁለተኛው የአካባቢው ስም ነው። የአርማኛክ አገር በሦስት ይከፈላል፤ ክፍፍሉም በ1909 በአዋጅ ጸንቷል። በምዕራብ ያለው ባ-አርማኛክ አሸዋማ አፈር አለው፤ አረቄው ለስላሳ ነው፣ የደረቀ ፕሪም ጠረን ይበዛበታል። ከመካከል ያለው ቴናሬዝ ሸክላና ኖራ የተቀላቀለበት መሬት ነው፤ የሱ ልጅ ሲወለድ ግትር ነው፣ ሃያ ዓመት ካላለፈው አይገራም፣ ከተገራ በኋላ ግን ጉልበቱ አብሮት ይቆያል። ሦስተኛው፣ ኦ-አርማኛክ፣ ዛሬ ወይኑ ጥቂት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ባ-አርማኛክ ይምረጡ።

ሦስተኛው የአልኮል መጠኑ ነው። 40 ወይም 42 በመቶ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ምናልባት ውሃ ቀስ በቀስ ተጨምሮበት ለስልሷል። 45.7 ወይም 47.3 የመሰለ ቁጥር ካለ፣ በተለይ «ብሩት ደ ፉ» የሚል ከታከለበት፣ ከበርሜል እንደወጣ ነው የታሸገው። እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ፤ ውሃ መጨመር ቢያስፈልግ ራሴ እጨምራለሁ።

የወይኑ ዝርያ ከተጻፈም ይመልከቱት። ዩኚ ብላን፣ ኮሎምባር፣ ፎል ብላንሽ፣ ባኮ ዋነኞቹ ናቸው። ፎል ብላንሽ የአበባ ጠረን ያለው፣ ስስ ነው። ባኮ ደግሞ የወይን ሥር የሚበላው ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ የአውሮፓን ወይን ከፈጀ በኋላ፣ በ1898 ፍራንስዋ ባኮ የተባለ ሰው ያዳቀለው ነው፤ ለረጅም ዕድሜ የሚመች ወፍራም አረቄ ይሰጣል።

ቀለሙን አይመኑ። ቀለምን በካራሜል፣ ማለትም በተቃጠለ ስኳር፣ ማስተካከል የተፈቀደ ስለሆነ ጥቁረት ለብቻው ስለ ዕድሜ ምንም አያረጋግጥም።

የልደት ዓመት ጠርሙስ ለሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን

ባለ ዓመት አርማኛክ በብዛት የሚገዛው ለልደትና ለጋብቻ መታሰቢያ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ዘመን አቆጣጠሩ ያሳስታል። በ1967 ዓ.ም. ለተወለደ ሰው «1967» የተጻፈበትን የገዙ አሉ፤ ሰባት ስምንት ዓመት አሳልፈውታል።

መንገዱ ይህ ነው፦ በእኛ አቆጣጠር የተወለደበትን ዓመት ይያዙና 7 ይጨምሩ። ለ1967 ዓ.ም. 1974 ይሆናል። ለምን 7 ብቻ? ጋስኮኝ ውስጥ ወይን የሚለቀመው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ልክ የእኛ ዓመት ሲብት። በሕጉ ደግሞ አረቄው እስከሚቀጥለው ማርች 31፣ ማለትም እስከ መጋቢት 22 ድረስ ወጥቶ ማለቅ አለበት። ስለዚህ «1974» የተባለው አርማኛክ የተለቀመውም የወጣውም በአንዱ በ1967 ዓ.ም. ውስጥ ነው። በአውሮፓውያን ቆጠራ ሁለት ዓመት ላይ የሚዘረጋው ሥራ በእኛ ቆጠራ አንድ ዓመት ውስጥ ይገባል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋልኩ ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ንጉሡ በመስከረም 2 ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ይህ በእጅዎ ያለው አረቄ ገና ዘለላው ላይ የነበረ ፍሬ ነው።

ልጁ በውጭ አገር አድጎ ልደቱን በአውሮፓውያን ቀን የሚያከብር ከሆነ ግን የፓስፖርቱን ዓመት ይያዙ። ሚያዝያ 1967 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ የ1975 ሰው ነው። የትኛው እንደሚሻል ለማን እንደሚሰጡት ይወስናል፤ ለእናቴ ቢሆን በ7 ነው የምቆጥረው።

ማስቀመጥና መክፈት

ጠርሙሱን ቁሞ ያስቀምጡት። የወይን ጠጅ ይጋደማል፤ ይህ ግን አይጋደምም፣ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋልና። ብርሃን የማይደርስበት ቁም ሣጥን ጥሩ ነው።

በስጦታ የደረሰኝ አንድ የ1978 ጠርሙስ ከሻጩ ዘንድ ለዓመታት ተጋድሞ የቆየ ነበር። ላዩን የለበሰውን ሰም በቢላ ላጥሁና ቡሹን ያዝ አድርጌ ሳዞረው ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። የቀረው ግማሽ በጠርሙሱ አንገት ውስጥ ጠቁሮ፣ ሻይ እንደጠጣ ዳቦ ተፈርፍሮ ወደ ውስጥ ገባ። አረቄው ላይ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ነበረበት፤ ከስድስት ወር በኋላም አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው እንዴት ተቀምጦ እንደነበረ ነው።

ሲከፍቱ ሰሙን ወይም ሽፋኑን ያንሡና አንገቱን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ በአንድ እጅ ቡሹን አጥብቀው ይያዙ፣ በሌላው እጅ ጠርሙሱን ከታች ያዙሩት። የሚዞረው ጠርሙሱ ይሁን እንጂ ቡሹ አይሁን፤ አሮጌ ቡሽ ከላይ ሲጠመዘዝ ይሰበራል። ከተሰበረ ሳይደናገጡ የቀረውን በቡሽ መክፈቻ ቀስ ብለው ይሳቡት። ወደ ውስጥ ከገባም አረቄውን በብረት የሻይ ማጥለያ ወደ ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ ያጥልሉት፣ ጠርሙሱን በውሃ አለቅልቀው አንጠፍጥፈው ይመልሱት። ያለቀ የሌላ ብራንዲ ጤናማ ቡሽ እጅዎ ላይ ካለ ለዚህ ቀን ይሆናል፤ እኔ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት አጥቤ አስቀምጣለሁ።

ብርጭቆና ክፍሉ

በፊልም የምናየው፣ ሆዱ የሰፋ በመዳፍ የሚታቀፍ ትልቅ ብርጭቆ ለዚህ አይሆንም። አልኮሉን ባንዴ ለቅቆ ወደ አፍንጫ ይወረውረዋል፣ ስሱ ጠረን ከሥሩ ይቀበራል። የሚፈልጉት እንደ ቱሊፕ አበባ ከታች ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ነው። ከሌለዎት ትንሽዬ የነጭ ወይን ጠጅ ብርጭቆ ይተካዋል። ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ከሆነ በሙቅ ውሃ ብቻ ይለቅለቁትና አየር ላይ ያድርቁት፤ የሳሙናና የእንጨት ሽታ በብርጭቆ ላይ ይቆያል።

የመጠጡ ሙቀት የክፍሉ ሙቀት ይሁን፣ 18 እስከ 20 ዲግሪ። በሻማ ማሞቅ፣ በረዶ መጨመር፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት የለም።

ክፍሉን በተመለከተ እኛ ቤት የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ባለ ዓመት ጠርሙስ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጤሳል። ዕጣን ባለበት ክፍል አርማኛክ ማሽተት ከበሮ እየተመታ ክራር ለመስማት እንደመሞከር ነው። ዶሮ ወጡም እንዲሁ፤ በርበሬው አፍን ካቃጠለ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ምላስ አያገለግልም። ስለዚህ ወይ ከምግቡ በፊት፣ ወይ ሁሉ አልቆ፣ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ፣ መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ያድርጉት። ሽቶ የተቀባ ወዳጅ ቢኖር ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በአጠገብዎ ውሃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ ይኑር፤ ሌላ አያስፈልግም።

መቅዳትና መጠበቅ

2 ሴንቲ ሊትር ይቅዱ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከትንሽ ትርፍ ጋር ማለት ነው። ያንስብኛል ብለው አይስጉ፣ ለአንድ ሰዓት ይበቃል። ጠርሙሱን ወዲያው ይዝጉት።

ከዚያ ይተዉት። ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ የበርሜል ዓመት አንድ ደቂቃ ይላሉ፤ ለሃያ ዓመቱ ሃያ ደቂቃ። ልክ እንዲሁ ይሁን ባልልም፣ ከሩብ ሰዓት በታች ግን አይቸኩሉ። ለአሥርት ዓመታት ታፍኖ የነበረ ጠረን ሲፈታ የመጀመሪያው የሚወጣው ሹል አልኮል ነው፤ እሱ እስኪያልፍ መታገሥ ነው።

በዚህ መሐል ቀለሙን ይመልከቱ። ነጭ ወረቀት ላይ ብርጭቆውን ጋደል ያድርጉት። ዳሩ ላይ ወደ ወርቃማና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ያረጁት ላይ ጎልቶ ይወጣል። ከዚያ ያለፈ ከቀለሙ ብዙ አይጠብቁ።

ማሽተት፦ ዋናው ሥራ

ከዚህ መጠጥ የሚገኘው ደስታ አብዛኛው በአፍንጫ ነው። ሳይቀምሱ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ አላባከኑም።

እንደ ወይን ጠጅ ብርጭቆውን እያሽከረከሩ አይናጡት፤ አልኮሉን ይቀሰቅሰዋል። አፍንጫንም ወደ ውስጥ አይክተቱ። ብርጭቆውን በደረት ልክ ይያዙና ወደ ላይ የሚመጣውን ብቻ ያሽትቱ። ቀጥሎ ወደ አገጭ፣ ከዚያ ወደ ከንፈር ያቅርቡት። አፍዎን ጥቂት ከፈት ያድርጉ፤ እንዲህ ሲሆን አልኮሉ አፍንጫን አይወጋም። በየመሐሉ ዕረፍት ይስጡት፣ የራስዎን እጅጌ ያሽትቱ፤ የለመዱት ሽታ አፍንጫን ይመልሰዋል።

ባለፈው የገና ሰሞን ከወንድሜ ጋር የከፈትነው የ1985 ባ-አርማኛክ ነበር፤ በ2012 የታሸገ፣ የ27 ዓመት ማለት ነው፣ 46.2 በመቶ። እንደተቀዳ የቫርኒሽ ሽታ ብቻ ነበረው። በአሥረኛው ደቂቃ የደረቀ ፕሪምና ቫኒላ መጣ፣ ጣፋጭ ነገር። በሃያኛው ፕሪሙ ወደ ኋላ ሸሸና የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ፣ ቅርንፉድ፣ ጥቂት ገውዝ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ወንድሜ ቀና ብሎ «ሰፈፍ» አለ። ልክ ነበር፤ ማሩ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ ቀፎው ላይ የሚቀረው የሰም ሽታ። ከሱ ሥር ደግሞ የትምባሆ ቅጠልና የቆየ ብራና። አንዱ ብርጭቆ ነው፤ እኛም አልነካነውም፤ የተለወጠው እሱ ነው።

ያሸተቱትን በራስዎ ቃል ይጥሩት። ፈረንሳዩ «ቫዮሌት» ቢል እርስዎ ቫዮሌት አሽትተው ካላወቁ ምን ያደርግልዎታል? ባልትና ውስጥ ያደገ ሰው ለዚህ ሥራ የሚሆን አፍንጫ አለው፤ ቀረፋን ከቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማን ከገውዝ ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል። አንዳንዱ መመሳሰልም እንዲያው የአፍንጫ ግምት አይደለም፤ ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሰኘው ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር ከኦክ እንጨትም ይወጣል፤ ቫኒላውም እንዲሁ ከእንጨቱ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። ከሃያ አምስት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በኖረ አረቄ ውስጥ «ራንሲዮ» የሚሉት ጠረን ይገባል። ቃሉ በቁሙ «የሻገተ ስብ» ለማለት ይቀርባል፤ በአረቄ ቤት ግን ትልቁ ምስጋና ነው። መጽሐፎቹ ዋልነት፣ እንጉዳይ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ያረጀ አይብ ይላሉ። እኔ ግን ለአበሻ ሰው አንድ ቃል ይበቃል ባይ ነኝ፦ በሳል ቅቤ። ለጋውን ከበሳሉ የሚለይ አፍንጫ ያለው ሰው ራንሲዮን ለመለየት የጎደለው የለም፤ ያው ክብደት፣ ያው ጥልቀት፣ መጀመሪያ ትንሽ የሚያጠራጥር፣ ከለመዱት በኋላ ያለሱ ምግቡ የሚጎድልበት። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። አረቄው ይዞት የወጣው ጥቂት የስብ አሲድ በአየር ለዓመታት ሲሰበር ነው ራንሲዮ የሚወለደው፤ ቅቤም ሲበስል ስቡ ነው የሚለወጠው። ይህን ጠረን በካራሜልም በአዲስ እንጨትም ማምጣት አይቻልም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ጠርሙሱ አርባ ዓመት ነኝ እያለ ራንሲዮ ከሌለበት የታሸገበትን ቀን እንደገና ይመልከቱ።

መጥፎውንም ይወቁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልለቀቀ፣ የእርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ሽታ ካለ፣ አረቄው ወይም ቡሹ ታምሟል።

መቅመስ

የመጀመሪያውን ጉንጭ አይፍረዱበት፤ ምላስን ከአልኮሉ ጋር ማስተዋወቂያ ብቻ ነው። ከሻይ ማንኪያ ግማሽ የማይበልጥ ይውሰዱ፣ ምላስ ላይ ዘርጋ አድርገው ይያዙት፣ ምራቅ እስኪቀላቀለው ይጠብቁና ይዋጡት። ውሃ ይጎንጩ፣ ሁለት ደቂቃ ያሳልፉ።

ዋናው ሁለተኛው ነው። እንደገና ያንኑ ያህል ይውሰዱና በአፍዎ ውስጥ ቀስ ብለው ያዙሩት። መጀመሪያ የሚደርሰው ጣፋጭነት የስኳር አይደለም፤ የእንጨትና የጊዜ ነው። ከመሐል ቅመሙ ይከፈታል፤ መጨረሻ ላይ ታኒኑ ድድ ላይ ይሰማል። ከዋጡ በኋላ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ይተንፍሱ፤ ያሸተቱት ሁሉ ከኋላ በኩል ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ሰዓት ይመልከቱ። ጣዕሙ እስከ መቼ ይቆያል? ወጣት ብራንዲ በአጭር ጊዜ ያልቃል፤ ያረጀ ጥሩ አርማኛክ ግን ደቂቃዎች አልፈውም አፍ ውስጥ ይገኛል፤ እየቆየም ይለዋወጣል። የእኔ ትልቁ መለኪያ ይህ ነው፤ ከቀለሙም ከስሙም አስቀድመዋለሁ። ምላስን እንደ ቆየ ሻይ አድርቆ፣ መሯ ብቻዋን የምትቀር ከሆነ አረቄው እንጨት ውስጥ ያለ ልክ ቆይቷል። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ጣዕሙ እንዲህ የሆነበት ጠርሙስ ጥቂት አይደለም፤ አርባ ዓመት ሁልጊዜ ከሃያ አምስት ይበልጣል ማለት አይደለም።

48 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ግማሹን ከጨረሱ በኋላ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ጠብ ያድርጉበት። ተደብቆ የነበረ የፍሬ ጠረን ብቅ ሊል ይችላል። 42 በመቶ ላይ ለወረደ አሮጌ አረቄ ግን ውሃ አልመክርም፤ ይበተናል፣ ይሳሳል፣ መልሰው አያገኙትም።

ሁለተኛ ብርጭቆ ካማረዎት ከሌላ ዓመት ይሁን። የአንድ አምራች ቤት የሆኑ፣ አሥር ዓመት የሚራራቁ ሁለት ጠርሙሶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል። ወጣቱን ያስቀድሙ። ደግሞ መንዳት ያለበት ሰው እያሸተተ ይቆይ፣ አይጠጣ።

የተረፈውና ባዶው ብርጭቆ

የተከፈተ ጠርሙስ በደንብ ተዘግቶ፣ ቁሞ፣ በጨለማ ወራት ይቆያል። ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን ውስጡ ያለው አየር ስለሚበዛ ጠረኑ መድከም ይጀምራል፤ ያኔ ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ያዛውሩት፣ የወይኑንና የታሸገበትን ዓመት በወረቀት ጽፈው ይለጥፉበት።

የጠጡበትን ብርጭቆ በዚያ ምሽት አይጠቡት። እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ይተዉትና ይተኙ። ጠዋት ተነሥተው፣ ቡና ከመፍላቱ በፊት፣ ባዶውን ብርጭቆ አንሥተው ያሽትቱት። አልኮሉ ሌሊቱን ሄዷል። የቀረው ሰፈፉ፣ ቅመሙ፣ የደረቀ ትምባሆው ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ደግሞ በዓይን የማይታይ ደረቅ ጠብታ ብቻ። እኔ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አሸተዋለሁ። ከዚያ በሙቅ ውሃ ብቻ ይለቅለቁት።